ስለ ገብረ ሕይወት ልብና ስለ አዳራሽዎ ምሰሶ

ይድረስ በአንኮበር የሥራና የሸክም ሁሉ አዛዥ ለሆኑት፣ የታመመውን ከዳነው ከወንበራቸው ሳይነሡ ለሚለዩት፣ ለተከበሩትና ለሚፈሩት ለአዛዥ ኃይለ ገብርኤል።

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንደምን ከርመዋል? እንቅልፍዎ እንደምን ነው? ትንፋሽዎስ ከደጅ እስከ አልጋ ሳይከዳዎ ያደርስዎታል? ለሌላ ጌታ ብጽፍ ኖሮ የጤናው ጥያቄ በአንድ መስመር ያልፍ ነበር፤ በእርስዎና በእኔ መካከል ግን ዋናው ጉዳይ እሱ ስለሆነ ቀስ ብዬ እጠይቃለሁ። እኔ አሥራ አንድ ዓመት በቀኝዎ ተቀምጬ ቃልዎን በወረቀት ሳኖር የነበርሁት ጸሐፊዎ ወልደአረጋይ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደብረ ብርሃን ላይ ዳዊት እየጻፍሁ አለሁ። ብርዱ እንደሚያውቁት ነው።

በገና ዕለት ወደ በቅሎዎ ሊወጡ እግርዎን እርካብ ላይ ባደረጉበት ሰዓት ውጋት ደረትዎን ይዞ እንደጣለዎ፣ አሥራ ስድስት ቀን ተኝተው እንደተነሡ፣ አሁንም የገብስ አጥሚት እየጠጡ በሰው ተደግፈው ቤተ ክርስቲያን መሳለም እንደጀመሩ ሰምቻለሁ። በመነሣትዎ ደስ ብሎኛል። ይህን ስጽፍ አልዋሽም፤ ይህ ደብዳቤ ለሙት የሚጻፍ እንዲሆን አልፈልግም ነበርና።

ከትናንት በስቲያ መልእክተኛዎ ማኅተምዎ ያለበትን ትእዛዝ አድርሶኛል። የታዘዝሁት ሁለት ነገር ነው። አንዱ፣ እርስዎ ለሌላው ሰው ያደርጉት በነበረው ጥበብ እኔ እርስዎን መርምሬ፣ ውጋቱ ይመለስ እንደሆነ ወይም አይመለስ እንደሆነ እንዳስታውቅዎ ነው። ሌላው፣ ከፋሲካ በኋላ ለጤናዎ ወደ ፍልውኃ በቃሬዛ ስለሚሄዱ፣ ለተመረጡት ስምንት ተሸካሚዎች “ጤነኞች ናቸው” የሚል ቃል በእጄ እንድጽፍላቸው ነው። ይህን ያህል ስላመኑኝ አጎንብሼ እጅ እነሣለሁ።

መልሱን ለእርስዎ ብቻ መላክ ግን ንፉግነት ሆኖ ታየኝ። ትእዛዝዎ ሁልጊዜ በአደባባይ የሚነገር ስለሆነ፣ መልሱም በአደባባይ ቢሰማ ክብርዎን ይመጥናል ብዬ፣ ሁለተኛውን ግልባጭ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እዚያው አንኮበር በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ካለው ጽድ ሥር ለሕዝብ እንዲነበብ ልኬአለሁ። ስለዚህም ነገሩን ለማያውቅ ሰሚ ስል ከመጀመሪያው እጀምራለሁና፣ የሚያውቁትን ስደግም እንዲታገሡኝ እለምናለሁ።

አንደኛ። ስለ ጥበብዎ አመሰግናለሁ። በደጅዎ ይቆም የነበረው ሰው ብዙ ነው፤ ከደረት ውጋት የተነሣ አለ፣ ከገደል ወድቆ ወገቡ የተቀጨ አለ፣ ከሳል ያላገገመ አለ። ሁሉም የሚለምነው አንድ ነገር ነበር፤ እስኪጠና ድረስ ከሸክም እንዲቀር። እርስዎ የሰውየውን የእጅ ሥር በጣትዎ ይይዙና ዓይንዎን በግቢው በምትለጎመው በቅሎ ላይ ያሳርፉ ነበር። ቀጥሎ ስሙንና የእናቱን ስም ያስጠሩታል፤ እኔ የፊደሉን ቁጥር ደምሬ በዘጠኝ በዘጠኝ እየቀነስሁ እገድፈዋለሁ፤ የተረፈው ቁጥር ስለ ልቡም፣ ስለ ሳንባውም፣ ገና ስላልመጣው ዕድሜውም ይመሰክራል። በመጨረሻ ከወንበርዎ እስከ አጥሩ፣ ሠላሳ እርምጃ በማይሞላ ሜዳ ላይ፣ ሄዶ እንዲመለስ ይታዘዛል። ከተመለሰ ጤነኛ ነው። ባይመለስ ምን ይባል እንደነበር አላውቅም፤ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ በዚያ ሜዳ ላይ ሄዶ ሳይመለስ የቀረ አንድ ሰው አላየሁም። ይህን የመሰለ የማይሳሳት ምርመራ በቅርብ እንዳይ ስላደረጉኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ሁለተኛ። ስለ ገብረ ሕይወት። እሱና እኔ በአንድ የኔታ እግር ሥር ፊደል የተማርን፣ ከአንድ ማኅበር የጠጣን ወንድማማች ነን። እኔ በቀለሙ ቀረሁ፤ እሱ ወደ አባቱ እርሻ ተመለሰ። አንኮበር ላይ የእሱን ያህል ክምር የሚከምር ሰው አልነበረም። የሱ ክምር አይዘምም፣ ዝናብም አያስገባም፤ ስለዚህ በኅዳር በታኅሣሥ ጎረቤቱ ሁሉ ይጠራው ነበር፤ እሱም እምቢ ማለት አያውቅም።

በ፲፰፻፸፰ ዓመተ ምሕረት በኅዳር ወር፣ ከሌላ ሰው ክምር ጫፍ ላይ ቆሞ ነዶ ሲቀበል ድንገት መቀበሉን ተወ። ነዶ ከሚያቀብሉት አንዱ እኔ ነበርሁ። ቀስ ብሎ ወረደና ከክምሩ ሥር ተቀመጠ። ፊቱ አመድ መስሏል፤ በዚያ ብርድ ላቡ ከግንባሩ ይንጠባጠባል። ምን ሆንህ ብዬ ብጠይቀው፣ በሬ ደረቴ ላይ ተኝቷል አለኝ። ከዚያ ግራ ክንዱን፣ ከዚያም መንጋጋውን ያዘ። ተሸክመን ወደ ቤቱ አገባነው። ሃያ አራት ቀን ተኛ፤ ቆረበ፤ ተነሣም።

ሚስቱን ለተጊዮርጊስን እርስዎ ያውቋታል፤ እንዲያውም ድምፅዋን አንድ ጊዜ ሰምተዋል። ፊደል አልቆጠረችም። ነገር ግን ባሏ ከአልጋ ከተነሣበት ቀን ጀምሮ ዓይኗን ከሱ ላይ አልነቀለችም። በመጀመሪያው ሳምንት ከአልጋ እስከ ደጅ ሄደ። በሦስተኛው እስከ ምንጩ ሄደ፤ እስከ ምንጩ ሜዳ ስለሆነ ምንም አልሆነም። ከምንጩ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያወጣውን አቀበት ሲጀምር ግን ደረቱን ያዘው፤ ሲቆም ተወው፤ ሲሄድ መልሶ ያዘው። ማምሻውን እግሩን ስታጥበው ቁርጭምጭሚቱን በጣቷ ብትጫነው ጎድጉዶ ይቀራል። ጋደም ሲል ትንፋሽ ስለሚያጥረው በገብስ አቁማዳ ተደግፎ፣ እንደተቀመጠ ያሸልባል። እሱ ድኛለሁ ይላል፤ እሷ ግን ያየችውን አንድ በአንድ ታስታውስ ነበር።

በዚያው ሰሞን ከአልዩ አምባ ጥጥና ጨው ይዘው የሚወጡ፣ የሁለቱም የቆዩ ወዳጅ የሆኑ ሐጂ አብዱልጀሊል የሚባሉ ነጋዴ ሊጠይቁት መጡ። ለተጊዮርጊስም ሲመለሱ እስከ ምንጩ ሸኝታቸው ያየችውን ሁሉ ነገረቻቸው። እሳቸውም አባታቸው በዚሁ ውጋት እንደታመሙ፣ ድኛለሁ ብለው በሁለተኛው ወር የጨው ሸክም አንሥተው በመንገድ እንደቀሩ ነገሯት። ከዚያ እንዲህ አሏት፦ “ይህ ውጋት አንድ ጊዜ ከመጣ መንገዱን ያውቃል፤ ወላሂ ዳገትና ሸክም ካገኘ ቀን አይጠይቅም። ዓመት እስኪሞላው አታስነኪው።” አንድ ነጋዴና አንዲት ፊደል ያልቆጠረች ሴት በምንጭ ዳር የደረሱበትን ነገር፣ እኛ በወንበርና በቀለም ልንደርስበት አለመቻላችንን ሳስበው ስለ ጥበብዎ ያለኝ አድናቆት ይበልጥ ይጨምራል።

ሦስተኛ። ስለ ምርመራው ቀን። ያን ጊዜ እርስዎ አዳራሽዎን በኮረብታው ጫፍ፣ አንኮበር ሁሉ ቀና ብሎ እንዲያየው በሚሆንበት ስፍራ እያሠሩ ነበር። ለምሰሶ የተመረጠው ከታች ከጫካው የተቆረጠ አንድ ሙሉ ጽድ ነው። ለፋሲካ እንዲቆም ስለታዘዘ ስምንት ጠንካራ ትከሻ አስፈለገ፤ ገብረ ሕይወትም ከስምንቱ አንዱ ሆኖ ተጠራ። እሱ ልቅር ብሎ መለመን ያፍር ስለነበር ዝም ብሎ ሊሄድ ነበር። ወደ ደጅዎ የመጣው ለተጊዮርጊስ ሦስት ቀን አልቅሳ ስለገፋችው ነው።

እጁን ያዙ፤ በቅሎይቱን አዩ። ስሙን ተጠየቀ፤ እኔ ቆጠርሁ፤ ሰባት ተረፈ። እስከ አጥሩ ሄዶ ተመለሰ። ያን ጊዜ ሴቶች በሚቆሙበት በአጥሩ ጥግ የነበረችው ለተጊዮርጊስ ሳይፈቀድላት ተናገረች። “ጌታዬ፣ ሜዳ ላይ ማንም ጤነኛ ነው። ዳገት ላይ ይዩት” አለች።

እርስዎ አልተቈጡም፤ ይህንን በምስጋና አስታውሳለሁ። ፈገግ ብለው፣ ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል የሚለውን ተረት ለተሰበሰበው ሰው ተረቱ። ቀጥለውም፣ የተረፈው ሰባት መልካም ቁጥር መሆኑን፣ ስሙም ራሱ ሕይወት መሆኑን አመለከቱና፣ ሕይወትን ማን ይገድለዋል ብለው ጠየቁ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ገብረ ሕይወትም ሳቀ፤ ሰውን ላለማሳፈር የሚስቅ ሰው ነበር። ከዚያ ጻፍ አሉኝ። እኔም “ጤነኛ ነው፤ ሸክም ይችላል” ብዬ ጻፍሁ። አራት ቃል ናቸው። ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ ያልሁበትም እኔ ነኝ።

አራተኛ። ስለ ዳገቱ። በመጋቢት ስምንተኛው ቀን ምሰሶው ከጫካው ተነሣ። እኔ አልነበርሁም፤ የምጽፈው አጠገቡ ተሸክሞ የነበረው ወልደተንሣኤ የነገረኝን ነው። ገብረ ሕይወት ቁመተ ረጅም ስለነበር ከኋላ አደረጉት፤ ዳገት ሲወጣ የግንዱ ክብደት ሁሉ ወደ ኋላ እንደሚያጋድል የተሸከመ ሁሉ ያውቃል። በመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ እንዲያሳርፉት ጠየቀ፤ አሳረፉት። በሁለተኛው ደግሞ ጠየቀ። ያን ጊዜ እርስዎ በሸክሙ ላይ የሾሙት አለቃ ከብብቱ ወረቀት አወጣና ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበለት። ጤነኛ ነው፤ ሸክም ይችላል።

ገብረ ሕይወት ማን እንደጻፈው ጠየቀ። ወልደአረጋይ ነው አሉት።

“እሱ ከጻፈውስ እንሂድ” አለ።

ይህን ቃል ስጽፍ ብርዑን ሁለት ጊዜ አስቀምጫለሁ። አምኖኝ ይሁን ወይም እኔን ከሐሜት ለማዳን ብሎ እንደሆነ አላውቅም፤ ሁለቱም የሱ ጠባይ ነበርና። እንደገና አነሡ። ከኮሶው ዛፍ አጠገብ ሲደርሱ ትንፋሹ መጮኽ ጀመረ ይላል ወልደተንሣኤ። ከዚያ ገብረ ሕይወት ወደሱ ዘወር ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ “ትከሻህን አስገባ፤ ልለቅ ነው” አለው። ወልደተንሣኤ ትከሻውን እስኪያስገባ ጠበቀው። እሱ ባይጠብቅ ኖሮ ግንዱ ከኋላ ያሉትን ሁሉ ይዞ ወደ ገደሉ ይወርድ ነበር። ጠበቀና ለቀቀ። ሲወድቅ ድምፅ አልነበረውም፤ ሰውዬው ተቀመጠ ብለው ነበር። ቀና ሲያደርጉት አልቋል።

ሰባቱ ግንዱን ሊያነሡት ስላልቻሉ መንገዱ ላይ እንደተጋደመ ዋለ። አስከሬኑን ሊያመጡ የወረዱት ሰዎች ሲሄዱም ሲመለሱም ምሰሶውን ተራምደው ነው። በማግስቱ ስምንተኛ ሰው ተፈልጎ ወጣ። አዳራሽዎ ለፋሲካ ደረሰ፤ እጅግም ያምራል ይባላል። አሁን በሕመምዎ ጀርባዎን የሚያስደግፉት እዚያው ምሰሶ ላይ መሆኑን መልእክተኛዎ ነግሮኛል። ሙቀት አለው ወይ ብዬ ልጠይቀው አስቤ ተውሁት።

አምስተኛ። ስለ ቸርነትዎ። ለተዝካሩ ሙክት ስለላኩ አመሰግናለሁ። እሱን በላኩ ማግስት ጠርተው፣ ያው ወረቀት ላይ ከሥሩ “በንዳድ ሞተ” የሚል እንድጨምር አዘዙኝ። ንዳድ የቆላ በሽታ መሆኑን፣ ከቆላ ተነሥቶ ያን ሁሉ ዳገት ወጥቶ፣ በውርጭ አገር አንድ ሰው ብቻ መርጦ ገድሎ መመለሱን ሰው እንዴት ያምናል ብዬ ጥቂት ተጨነቅሁ። ጭንቀቴን ሳልነግርዎ፣ ቀለም ላመጣ ብዬ ወጣሁና አልተመለስሁም። ይኸው ቀለሙን ፍለጋ አንድ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ወረቀቱም ከእኔ ጋር ነው።

ስድስተኛው ክስ በእርስዎ ላይ አይደለም፤ ቢሆንም ከቁጥሩ ማውጣት አልቻልሁም። በምርመራው ቀን ጠዋት ገብረ ሕይወትን ከምንጩ እስከ ደጅዎ ያመጣሁት እኔ ነኝ። በዚያ አጭር አቀበት ሦስት ጊዜ ቆመ። መጀመሪያ የጫማውን ጠፍር ያጠብቃል መሰለኝ፤ ግን ጫማ አልነበረውም። ቀጥሎ የጎረቤቱ ባቄላ እንዴት እንዳማረ አሳየኝ፤ ባቄላውን እኔም እሱም በየቀኑ የምናየው ነው። በሦስተኛው ምንም አላሳየኝም፤ ደረቱን በመዳፉ ይዞ መሬት መሬት አየ። እኔም አየሁት። ምን ሆንህ ብዬ አልጠየቅሁትም፤ ቢነግረኝ ለእርስዎ መናገር ሊኖርብኝ ነዋ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ በሜዳው ላይ ሲሄድና ሲመለስ አይቼ ጻፍሁ።

በአርባው ዕለት ወደ ለተጊዮርጊስ ቤት ሄድሁ። ሰው ከወጣ በኋላ ከፊቷ ተንበርክኬ ሦስት ጊዜ መቆሙን ነገርኋት። አይቼ ነበር አልኋት። እንድትረግመኝ ጠብቄ ነበር።

“እኔም አይቼ ነበር፤ እኔ ግን ተናገርሁ” አለችኝ። ከዚያ ተነሥታ ውኃ ሰጠችኝ።

ደብረ ብርሃንን የመረጥሁት ሜዳ ስለሆነ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ ስለ ገዳሙ ነው፣ ስለ ዝምታው ነው እላለሁ። እውነቱ ይኸው ነው። ዳገት ስወጣ ከኋላዬ የሚከተለኝ ሰው የቆመ ይመስለኛል፤ ኮቴው ይጠፋብኛል፤ ዞር ስል መንገዱ ባዶ ነው፤ ግን እስኪደርስብኝ መጠበቅ ያለብኝ ይመስል ሳልጠብቅ መሄድ አልችልም። በጠራራ ፀሐይ፣ ገበያተኛ ሁሉ እያለፈኝ፣ ማንን እንደምጠብቅ ሳላውቅ ቆሜ እገኛለሁ። በሜዳው ደግሞ ሌላ ነው። ዳዊት ስጽፍ ሕይወት የሚለው ቃል በየቦታው ይመጣል፤ ገና ሁለት መስመር ሲቀረኝ አየዋለሁ፤ ስደርስበት እጄ ይቆማል። ያስጻፉኝ ሰዎች ሁሉ ያ ቃል ለምን ከሌላው ይልቅ ወፍሮ እንደተጻፈ ይጠይቁኛል። የብርዑ ጥፋት ነው እላቸዋለሁ።

አሁን ወደ ትእዛዝዎ እመለሳለሁ። ውጋቱ ይመለስ እንደሆነ እንድመረምር አዝዘዋል። ትእዛዙ ሳይደርሰኝ በኪዳነ ምሕረት ዕለት አንኮበር ነበርሁ፤ ከለተጊዮርጊስ ደጅ ቆመን እርስዎ ከቤተ ክርስቲያን ወደ አዳራሽዎ ሲመለሱ አይተናል። እሷ እርስዎ ከአልጋ ከተነሡ ጀምሮ በየሰንበቱ ታይዎ ነበር። በጥላቻ አይደለም፤ ዓይኗ ስለለመደ ነው። አራት ጊዜ ቆሙ። በመጀመሪያው ለአንድ ዓይነ ስውር መጽውተው የትውልድ አገሩን ጠየቁት፤ ከዚያ በፊት ይህን ሲያደርጉ አይቼ ስለማላውቅ ልቤ ተነካ። በሁለተኛው የካቡን ድንጋይ በእጅዎ መረመሩ። በሦስተኛው አሽከርዎን በማይረባ ነገር ተቈጡት። በአራተኛው ግን ምንም ሰበብ አልቀረልዎም፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ግራ ክንድዎን ያዙ።

እኔ እንተወው አልኋት። የሆነው ይሁን፣ ቁጥሩ ይንገረው አልኋት። ይህን ማለቴን ሕዝቡም እንዲሰማው እፈልጋለሁ፤ ንጹሕ ሆኜ የምጽፍ እንዳይመስል። ለተጊዮርጊስ ግን ይነገረው አለች። እኔ ስናገር የሚሰማ ጠፋ፤ እሱ እንኳ ይስማ አለች። ስለዚህ ከዚህ ቀጥሎ ያለው የእሷ ፍርድ ነው፤ እኔ ዛሬም ጸሐፊ ብቻ ነኝ።

ውጋቱ ሊመለስ የሚችል ነው። ቀኑን የሚያውቅ ሰው የለም፤ አውቃለሁ የሚልዎትን አይመኑት። ማምሻውን ቁርጭምጭሚትዎን በጣትዎ ይጫኑት፤ ጎድጉዶ ከቀረ አደጋው ቅርብ ነው። ጋደም ብለው መተንፈስ ካቃተዎት እንደዚሁ። ደረትዎን የሚይዝዎ በስንተኛው እርምጃ እንደሆነ ያስተውሉ፤ ካለፈው ሳምንት ይልቅ በዚህ ሳምንት ቶሎ ከያዘዎ በሽታው እየቀረበ ነው፤ ከዘገየ እየራቀ ነው። ጥቂት ጥቂት ይብሉ፤ በቅሎ አይውጡ፤ አይቈጡ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከዚያ ኮረብታ ላይ አንድ ቀን ቀስ ብለው ይውረዱና ተመልሰው አይውጡ፤ ዓመት እስኪሞላዎ ከታች በሜዳው ይኑሩ። አዳራሹን ምሰሶው ይጠብቅልዎታል።

ሁለተኛውን ትእዛዝ በተመለከተ፣ ለስምንቱ ተሸካሚዎች አልጽፍም። ላንዱም አልጽፍም። ከስምንቱ አንዱ ወልደተንሣኤ ባለፈው ሰኔ ያው ውጋት ጥሎት እንደነበረ እርስዎም ያውቃሉ፤ በቤትዎ ሥራ ላይ ሳለ ነው የወደቀው። ከአንኮበር ወደ ደጋው አፋፍ የሚያወጣውን መንገድ ቃሬዛ ተሸክሞ መውጣቱን ልጽፍለት የምችለው በአንድ ዓይነት ጽሑፍ ብቻ ነው፤ ያውም ለመቃብር ነው። እንዳይደክሙ አስቀድሜ ላስታውቅዎ፤ ወልደተንሣኤ ቤቱ የለም። ሐጂ አብዱልጀሊል አልዩ አምባ ወስደው በመደብራቸው አስቀምጠውታል፤ ጥጥ እያባዘተ ነው። በሰባቱ ላይ ግን ኃይል የለኝም። እሑድ ይህን የምትሰሙ ሚስቶቻቸውና እናቶቻቸው ዳገት ላይ እዩዋቸው፤ ያያችሁትንም ሳይፈቀድላችሁ ተናገሩ።

በትእዛዝዎ ውስጥ ለተሸካሚዎቹ ቃል የተላከ ማኅተም ብቻ ያለበት ባዶ ወረቀት ስላገኘሁ ባዶውን መልሼዋለሁ። መንገድዎ የቀና፣ ዘመንዎ የረዘመ፣ ደረጃዎ ያነሰ ይሁን። የእርስዎን ቃል በመጻፍ ብዙ ዘመን የኖረ፣ ከቃሉ አንዱን እስኪሞት የሚሸከም፣ ጤናዎን ከልቡ የሚጠይቅና መልሱን ግን የሚፈራ፣ የቀድሞ ጸሐፊዎ ወልደአረጋይ። የካቲት ፳፫ ቀን ፲፰፻፸፱ ዓመተ ምሕረት፣ ደብረ ብርሃን ተጻፈ።

ከፈጸምሁ በኋላ የቀረ ቃል። ይህን ደብዳቤ ያመጣልዎ ሌላ ሰው በመሆኑ እንዳይደነቁ። የላኩት መልእክተኛ ደጃፌ ሲደርስ በሩን ተደግፎ ብዙ ቆየ፤ ትእዛዝዎን ሲሰጠኝ በቀኝ እጁ ግራ ክንዱን ያሽ ነበር። ከመቼ ጀምሮ ነው ብዬ ጠየቅሁት። ከጥምቀት ወዲህ ነው አለኝ። ለማን ነገርህ አልሁት። የጠየቀኝ የለም አለኝ። ስለዚህ አልመልሰውም፤ እኔ ዘንድ ተቀምጦ ፀሐይ እየሞቀ ነው፤ እስኪጠናም ይቀመጣል። ትእዛዝዎ ላይ “በሽማግሌው እጅ” ተብሎ ተጽፏል። ስሙ ገብረአብ ይባላል፤ እርስዎን ሲያገለግል አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው።